በ«ፕሉቶ» ማንጋ ውስጥ እንባው የሚመጣው ከየት ነው?

«ፕሉቶ» የተባለው፣ ከማንጋ የተወሰደና ስለ ሮቦቶች የሚተርክ የጃፓን አኒሜ በ2023 መጨረሻ ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣ ወዲህ በተመልካቾች መካከል አንድ ክርክር አልበረደም። ገና በመጀመሪያው ክፍል እንባው የመጣ ሰው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ «ብረት ነው እኮ! ብረት ለተሰባበረ ምን ያስለቅሳል?» ይላል። ሦስተኛው ወገን አልቅሶ ሲያበቃ ይናደዳል። «ደራሲው ሆን ብሎ ነው የሚያስለቅሰን፤ ዘዴው ደግሞ ያው አንድ ነው» ባይ ነው። የሚነጋገሩት ስለ አንድ ሥራ ነው፤ ሲሰሟቸው ግን ሦስት የተለያየ ታሪክ ያዩ ይመስላሉ።

ማን ትክክል እንደሆነ ከመፍረድ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይሻላል። የታሪኩ ስሜት የሚታጠፍባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? እዚያ ሲደርስ ገጹ ላይ ምን ይሆናል? ነገሩ እስከ ፍጻሜው ድረስ ስለሚነገር ያላነበበና ያላየ ሰው ከወዲሁ ይወቀው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ከየት መጣ

ማንጋ የጃፓን ሥዕላዊ ልቦለድ ነው። ታሪኩ የሚነገረው በሳጥን በሳጥን በተከፈሉ ሥዕሎች ነው፤ ሳጥኖቹን ፓነል ይሏቸዋል። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አብዛኛው ማንጋ መጀመሪያ በመጽሔት በተከታታይ ይወጣል፤ ከዚያ ምዕራፎቹ ተሰብስበው በቅጽ ይታተማሉ። አኒሜ የምንለው የጃፓን አኒሜሽን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከማንጋ የተወሰደ ነው።

«ፕሉቶ»ን የሠራው ናኦኪ ኡራሳዋ ነው። ታካሺ ናጋሳኪ በድርሰቱ አብሮት ሠርቷል። ከ2003 እስከ 2009 «ቢግ ኮሚክ ኦሪጂናል» በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በመጨረሻ ስምንት ቅጽ ሆነ። የታሪኩ አጥንት ግን የኡራሳዋ አይደለም፤ የኦሳሙ ቴዙካ ነው። ቴዙካ በ1964 እና በ1965 በታዋቂው «አስትሮ ቦይ» ውስጥ አንድ የውጊያ ታሪክ አውጥቶ ነበር። ፕሉቶ የሚባል ባለ ቀንድ ግዙፍ ሮቦት የዓለምን ሰባት ኃያል ሮቦቶች እየዞረ የሚገጥምበት ነው። የልጆች ታሪክ ነው። አንዳንዱ ሮቦት በጥቂት ገጽ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ተዋግቶ፣ ፈርሶ ያልቃል።

ኡራሳዋ ያደረገው እነዚያን ጥቂት ገጾች መዘርጋት ነው። በቴዙካ ታሪክ መሠረት የ«አስትሮ ቦይ» ዋና ገጸ ባሕርይ፣ አቶም የተባለው ልጅ ሮቦት የሚወለደው ኤፕሪል 7 ቀን 2003 ነበር። ቀኑ በእውኑ ዓለም ሲደርስ ጃፓን ውስጥ ተከበረ፤ «ፕሉቶ»ም በዚያው ዓመት ጀመረ። የቴዙካ ልጅ ማኮቶ ቴዙካ መጀመሪያ አመንትቶ ነበር። ኋላ ሲፈቅድ ግን ኡራሳዋ የአባቱን አሳሳል ከመኮረጅ ይልቅ በራሱ እጅ እንዲሠራው ጠየቀ።

በአዲሱ ታሪክ ለብዙ ቅጽ የምንከተለው አቶምን አይደለም። ጌዚሽትን ነው፤ በዩሮፖል፣ በአውሮፓ የፖሊስ ድርጅት፣ የሚሠራ ጀርመናዊ መርማሪ ሮቦት። በቴዙካ ዘንድ ይህ ገጸ ባሕርይ ብዙም ቦታ አልነበረውም። ለውጡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር ይገለብጠዋል። መርማሪ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሥራው የሟቹን ቤት ማንኳኳት ነው። አንባቢውም ከእሱ ጋር ስለሚሄድ ሞቱ ላይ አይደርስም፤ መርዶው ላይ ነው የሚደርሰው።

የስሜቱ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። «ፕሉቶ» ሮቦት ሲፈርስ የሚያስለቅስ ታሪክ አይደለም። የሚያስለቅሰው የቀረው ወገን ሲሰማና ከሟቹ አንድ ነገር ሲረከብ ነው። ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ዜማ ሊሆን ይችላል፤ ቂምም ሊሆን ይችላል።

ፊቷ የማይለወጠው መበለት

ገና ታሪኩ ሳይሞቅ ሮቢ የሚባል ፖሊስ ሮቦት በሥራ ላይ እንዳለ ተሰባብሮ ይሞታል። ሮቢ ከሰባቱ ኃያላን አንዱ አይደለም። ተራ ፖሊስ ነው። ሰውም አይመስልም፤ ያረጀ ማሽን ነው። ጌዚሽት ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ያረዳታል።

ሚስቱ የቤት ሠራተኛ ሮቦት ናት። ፊቷ የማሽን ፊት ነው፤ ማዘንም መሣቅም የሚያሳይ ነገር የለበትም። ጌዚሽት ከፈለገች ስለ ባሏ ያላትን ትዝታ ሊሰርዝላት እንደሚችል ይነግራታል። አትፈልግም። ያንን እንዳይወስዱባት ትለምነዋለች። ከዚያ የሮቢን ሜሞሪ ቺፕ ይሰጣታል። ሜሞሪ ቺፕ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሮቦቱ ያየውና የሰማው ሁሉ የሚቀመጥበት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ሊገባ ይችላል። ሚስቲቱ ታስገባዋለች። ባሏ ያየውን ታያለች። ይቺን ቁራጭ አንባቢው ቢይዛት ይጠቅመዋል፤ ታሪኩ በታጠፈ ቁጥር ትመለሳለች።

ትዕይንቱ አጭር ነው። ጩኸት የለም፤ እንባም የለም። ኡራሳዋ የሚያደርገው ፊቷን ደጋግሞ መሳል ነው። ፓነሉ ይቀየራል፤ ፊቱ ያው ነው። ይሁን እንጂ አንባቢው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊት አንድ አይመስሉትም። የመጨረሻው ያዘነ ይመስለዋል።

ይህ ስም ያለው ነገር ነው። የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ተዋናይ ምንም የማይነበብበት ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ በመጀመሪያው ረሃብ አየ፣ በሁለተኛው ሐዘን፣ በሦስተኛው ምኞት። ፊቱ ግን አንድ ነበር። ይህንን የኩሌሾቭ ውጤት ይሉታል። ምስል ከምስል ጋር ሲጎራበት ክፍተቱን የሚሞላው የሚያየው ሰው ነው ማለት ነው።

ጃፓኖች ይህንን በራሳቸው መንገድ ከረጅም ዘመን በፊት ያውቁታል። ኖ በሚባለው ጥንታዊ ቲያትራቸው ዋናው ተዋናይ የእንጨት ጭምብል ያጠልቃል። ጭምብሉ ትንሽ ቀና ሲል የፈካ ይመስላል፤ ትንሽ ሲያቀረቅር ያዘነ ይመስላል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ኡራሳዋ የሮቢን ሚስት ሲስል ይህንን አስቦ እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ «ብረት ለተሰባበረ» ለሚለው ወገን ግማሹ መልስ እዚህ ላይ አለ። ብዙ ሰው ስሜቱ የሚመጣው ሮቦቶቹ ሰው ስለሚመስሉ ነው ይላል። ይቺ ሴት ግን ሰው አትመስልም። እንዲያውም ሰው ብትመስል ኖሮ ሥዕሉ ፊቷን አጨማዶ እንባዋን ያፈስ ነበር፤ አንባቢውም ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አሁን ግን ሐዘኑን የሚያዋጣው ራሱ ነው። ከውጭ የመጣበት ነገር ስላልሆነም መቋቋም ይቸግረዋል።

ፒያኖ መማር የፈለገው የጦር መሣሪያ

ስለ «ፕሉቶ» የሚያወራ ሰው ከዋናው መርማሪ ይልቅ የኖርዝ ቁጥር 2ን ታሪክ ያነሳል። እውነት ለመናገር ይገባዋል።

ፖል ዳንከን ዓይነ ስውር የሙዚቃ ደራሲ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሰው በሌለበት ግንብ ይኖራል። ሽማግሌ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሮቦት የሚባል ነገር አይወድም። ኖርዝ ቁጥር 2 አሳላፊ ሆኖ ይመጣለታል። ይህ ሮቦት በጦርነት ላይ ብዙ ሮቦቶችን ያጠፋ ነው። ሰውነቱን በትልቅ ካባ ይሸፍናል፤ ከካባው ሥር ያለው መሣሪያ ነው። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒያኖ መማር። ወደ ጦርነት መመለስ አይፈልግም።

ዳንከን አይሰማውም። ማሽን ሙዚቃ አይገባውም ይላል። አንተ የመግደያ ዕቃ ነህ ይለዋል። ሮቦቱ አይመልስለትም። ሻዩን ያቀርባል፣ ስድቡን ይሰማል፣ ሽማግሌው ሲተኛ ይጠብቀዋል። ዳንከን ደግሞ በእንቅልፉ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል፤ ሲነቃ ግን ይጠፋዋል። በልጅነቱ እናቱ ለምቾቷ ብላ ጥላኝ ሄደች ብሎ ያምናል። ይህንን ቂም ይዞ ነው ያረጀው።

ኖርዝ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ሲመለስ ዜማውን ይዞ ነው። ከቦሄሚያ ነው ያመጣው፤ የዳንከን ልጅነት ካለበት አገር። ከዜማው ጋርም አንድ ነገር ይነግረዋል። እናትህ አልጣለችህም፤ ያንን ያደረገችው ለአንተ ሕክምና ብላ ነው። ሽማግሌው ሕይወቱን ሙሉ የተሳሳተ ነገር ሲጠላ እንደኖረ ከአንድ አሳላፊ ሮቦት አፍ ይሰማል።

ከዚያ ወዲያ ያስተምረዋል። ሁለቱ ፒያኖው ፊት ይቀመጣሉ። አንባቢው እዚህ ላይ ዘና ይላል፤ ነገሩ የተቃና ይመስላል። ወዲያው ኖርዝ አንድ ነገር ሰማይ ላይ ይሰማዋል። ይሰናበትና ይወጣል። ካባው ይገለጣል። ወደ ላይ ይበራል።

ኡራሳዋ ያላሳየንን እንቁጠር። ውጊያው የለም። ገዳዩ አይታይም። ከላይ ብልጭታና ፍንዳታ አለ፤ ከዚያ በቀር ምንም የለም። እኛ መሬት ላይ ዳንከን አጠገብ ነን። ዳንከን ደግሞ አያይም። የሚደርሰው ድምፅ ነው፤ ከፍንዳታው ጋር ከላይ የሚወርድ ያ ዜማ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይጠብቃል። ቶሎ ተመለስ፣ የልምምድ ሰዓት ነው ይላል።

አቀማመጡ በጣም የታሰበበት ነው። ምስክር ሆኖ የቆመው ዓይነ ስውር ሰው ስለሆነ ውጊያው ለእኛም ይጋረድብናል። ማንጋ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ዳንከን የሚሰማውንም አንሰማም። አንባቢው አላየም፣ አልሰማም፤ በእጁ ያለው የአንድ ሽማግሌ ፊት ብቻ ነው። መርዶ ነጋሪ እንኳ የለም። እኛ አገር መርዶ ነጋሪ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል፤ የሰሚውን ጉልበት የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ዳንከን ማንም የለውም። መርዶውን ለራሱ ራሱ ያረዳል።

ርክክቡ ግን አለ። ዳንከን ከልጅነቱ ጀምሮ የጠፋበት ዜማ እጁ ገብቷል፤ ቂሙም ሄዷል። ሮቦቱ የሚሞተው ሽማግሌው በተፈወሰ ማግሥት ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ንጹሕ ሐዘን አይደለም። ከምስጋና ጋር ተቀላቅሏል፤ እንዲህ ያለው ነው ቶሎ የማይለቀው።

የተሰረዘ ሐዘን

«ትዝታሽን ልሰርዝልሽ?» የሚለው የጌዚሽት ጥያቄ ለካ በራሱ ላይ የተፈጸመ ነገር ነው። ይህ የሚገለጠው ቆይቶ ነው፤ ለእኔ የሥራው ትልቁ እጥፋት ይኸኛው ነው።

ጌዚሽት ይቃዣል። ትዝታው ውስጥ ክፍተት አለ። አንድ ንግግር ደግሞ እየደጋገመ ይመጣበታል፤ አንዱን አካል በ500 ዜውስ የሚሸጥ ሰው ንግግር። ዜውስ የታሪኩ ገንዘብ ነው። አንባቢው ለብዙ ምዕራፍ የወንጀል ፍንጭ ይመስለዋል። መርማሪው የሚያሳድደው ነገር አካል ይመስለዋል።

ቀስ እያለ ይወጣል። ሻጩ የተጣሉ ሮቦቶችን አካል የሚቸበችብ ሰው ነበር። ጌዚሽት ከእሱ ላይ የተሰባበረ ሕፃን ሮቦት ገዝቶ ነበር። እሱና ሚስቱ ሄለና ልጃቸው አድርገው አሳደጉት። ከዚያ ልጁ ተጠለፈ፤ ተገደለ። ጌዚሽት አጥፊውን አገኘው። ሰው ነበር። ገደለው።

ሮቦት ሰውን አይገድልም ተብሎ በሚታመንበት ዓለም ይህ ትልቅ ጉድ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ገደለ ተብሎ የተመዘገበው ብራው 1589 የሚባል ሮቦት ነው፤ ጦር እንደተሰካበት እስር ቤት ተቀምጧል። መርማሪዎች አእምሮውን ፈትሸው ምንም ብልሽት አላገኙም፤ የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው። ስለዚህ የጌዚሽት ትዝታ ተሰረዘ። ወንጀሉ ሲሄድ ልጁም አብሮ ሄደ።

የዚህ ትዕይንት ጉልበት በቅደም ተከተሉ ነው። የተለመደው ታሪክ መጀመሪያ ልጁን ያስወድደንና ከዚያ ይገድልብናል። እዚህ ግን ሐዘኑ ነው ቀድሞ የደረሰው፤ ምክንያቱ በኋላ መጣ። ጌዚሽት መኖሩን ለማያውቀው ልጅ ሲያዝን ቆይቷል። ስንት ቤት እያንኳኳ ያረዳው መርማሪ የመጨረሻው መርዶ የራሱ ሆነ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሮቢን ሚስት ትዕይንት ያነበበ ሰው ሌላ ትዕይንት ነው የሚያገኘው። ያኔ ርኅራኄ የመሰለው ሐሳብ አሁን ያስደነግጣል።

እዚህ ላይ አዶልፍ ሃስ ይገባል። የተገደለው ሰው ወንድም ነው፤ ሮቦት የሚጠላ ቡድን አባልም ነው። ጌዚሽትን ሊበቀል ያሴራል፤ ነገሩ ተገላብጦ ግን ጌዚሽት የእሱ ጠባቂ ይሆናል። ሁለቱም የሞተባቸው አላቸው። ኡራሳዋ አንደኛውን ንጹሕ አድርጎ አያስቀምጥም። በስድስተኛው ቅጽ ጌዚሽት ራሱ ይሞታል። የሚገድለው አንድ ትንሽ ሮቦት ነው፤ ልጅ ነውና አልጠረጠረውም።

ገዳዩም የሞተበት ነው

የታሪኩ ሥር አንድ ጦርነት ነው። ትራኪያ የተባለች ኃያል አገር ፋርስ ጅምላ ጨራሽ ሮቦቶች ደብቃለች ብላ ትከሳለች። ቦራ የሚባል አጣሪ ቡድን ይላካል። የሚያገኘው የተከማቸ የሮቦት ሬሳ ነው፤ የተባለው መሣሪያ የለም። ጦርነቱ ግን ይካሄዳል፤ ከሰባቱ ኃያላን አብዛኞቹም ይዘምታሉ። ማንጋው የጀመረው አሜሪካ ኢራቅን በወረረችበት በ2003 መሆኑን ያስታወሰ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ የፖለቲካ ጌጥ ብቻ አይደለም። ስሜቱ የቆመበት መሠረት ነው። ኖርዝ ፒያኖ የፈለገው ከዚያ ጦርነት ስለመጣ ነው። ኤፕሲሎን የተባለው የአውስትራሊያ ሮቦት አልዘምትም ብሎ የጦርነቱን ወላጅ አልባ ልጆች የሚያሳድገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እየዞረ የሚገድለው ፕሉቶም ከዚያው ነው የወጣው።

ይህንን ደግሞ ኡራሳዋ በተገላቢጦሽ ነው የሚነግረን። የአቶም እህት ኡራን የሌላውን ሕመም ከሩቅ ይሰማታል። አንድ ቀን ማንነቱን የማያውቅ የተጎሳቆለ ሮቦት ታገኛለች። ይህ ሮቦት ግድግዳ ላይ የአበባ መስክ ይስላል። ገር ነው፣ ዝምተኛ ነው። አንባቢው ይወደዋል። ማን እንደሆነ የሚታወቀው በኋላ ነው። ሳሃድ ይባላል፤ በረሃን አረንጓዴ ለማድረግ ሲል ኔዘርላንድ ውስጥ ስለ አበባ ያጠና የፋርስ ሮቦት ነው። አገሩ ከፈረሰ በኋላ የፕሉቶ አካል ውስጥ እንዲገባ የተደረገው እሱ ነው። በጦርነቱ ቤተሰቡን ያጣው ፈጣሪው፣ ዶክተር አቡላ፣ ሐዘኑን በልጁ ላይ ጫነው። ይህም ርክክብ ነው። ዳንከን ዜማ ሲረከብ ሳሃድ ቂም ተረከበ።

አቶም የነቃው በማን ቂም ነው?

አቶምም በፕሉቶ እጅ ወድቆ ረጅም እንቅልፍ ይተኛል። አቶምን የሠራው ዶክተር ቴንማ ነው፤ የገዛ ልጁ ቶቢዮ ሲሞትበት በምትኩ ሠርቶት፣ ልጄን አልሆንክልኝም ብሎ የተወው አባት። ቴንማ ስለ ፍጹም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ እምነት አለው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት ማሽን እንደ ሰው እንዲማርና እንዲወስን የሚደረግበት ቴክኖሎጂ ነው። በቴንማ እምነት አንድ ሮቦት ውስጥ የሰውን ልጅ ስብዕና ሁሉ ብትጨምርበት አይነቃም። ምርጫው በዝቶበት ተኝቶ ይቀራል። እንዲነቃ ከተፈለገ ሚዛኑን ማዛባት ያስፈልጋል። ቁጣ፣ ሐዘን ወይም ጥላቻ መጨመር አለበት።

ስለዚህ ቴንማ የጌዚሽትን ሜሞሪ ቺፕ አቶም ላይ ያስገባል። አቶም ይነቃል፤ የሚነቃው ግን በሟቹ መርማሪ ጥላቻ ነው። አንባቢዎች እዚህ ላይ ይከራከራሉ። የአቶም ቁጣ የራሱ ነው ወይስ የጌዚሽት? አንዱ ወገን የራሱ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ፕሉቶን ሳይገድል መቅረቱም የራሱ ውሳኔ አይደለም ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሳየው ሐዘን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር ነው። ሁለቱ መጀመሪያ ሲገናኙ አቶም የጌዚሽትን ትዝታ ተቀብሎ አይቶ ነበር፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ብቻውን አለቀሰ። ጌዚሽት ያኔ ስለተሰረዘው ልጅ ምንም አያውቅም። አቶም ያለቀሰለት ባለቤቱ ያላለቀሰለትን ነው። የተረከበው ነገር ከዚያ ወዲያ የራሱ ሆኗል ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። መጨረሻ ላይ እጁን የሚይዘውም ያው ቺፕ ነው፤ ጌዚሽት ከመሞቱ በፊት ከጥላቻ ምንም እንደማይገኝ ተረድቶ ነበርና።

በዚህ መካከል የሄለና ትዕይንት አለ። የጌዚሽት ሚስት መልኳ ሰው ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም። ቴንማ ሰዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደሚያለቅሱ ይነግራታል፤ መጀመሪያ ማስመሰል ቢሆንም ግድ የለም ይላታል። ትሞክራለች። ማስመሰሉ የቱ ጋ እንዳበቃ ሳይታወቅ የምር ለቅሶ ይሆናል።

ይህ ትዕይንት ዛሬ ከወጣበት ጊዜ ይልቅ ይቆረቁራል። አሁን ከሰው ጋር የሚጻጻፉ ፕሮግራሞች አሉ። ያዘኑ ይመስላሉ፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ሰው «ፕሉቶ»ን አይቶ «ይኸው፣ እነሱም ይሰማቸዋል» ይላል። ማንጋው ግን ይህንን አያረጋግጥም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሳይንቲስት ኤሊዛ የሚል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ኤሊዛ የሰውየውን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ ጥያቄ ከማድረግ ብዙም የዘለለ አታውቅም፤ ሰዎች ግን የልባቸውን ይነግሯት ነበር። የኤሊዛ ውጤት የሚባለው ይህ ነው፤ የኩሌሾቭ ታናሽ ወንድም በሉት። ባዶውን የምንሞላው እኛ ነን። «ፕሉቶ» ስለ ማሽን ከሚነግረን ይልቅ ስለ አንባቢው የሚነግረን ይበልጣል።

«ዘዴ ነው» የሚሉት

ትችቱ ባዶ አይደለም። አንድ ደግ ሮቦት ይመጣል፤ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ይኖረዋል፤ ሊያልፍለት ሲል ይጠፋል። ይህ ቅርጽ በኖርዝ ይታያል፣ በቱርካዊው ብራንዶ ይታያል፣ በኤፕሲሎን ይታያል። ሦስተኛው ላይ አንባቢው ቀድሞ ይገምታል። ብራንዶ ሲሞት ስሜቱ ከኖርዝ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እንዲያም ሆኖ ኡራሳዋ ርክክቡን ይቀያይረዋል። ብራንዶ ለጓደኞቹ የገዳዩን መረጃ ሊልክ ሲሞክር የቤተሰቡ ምስል ይቀላቀልበታል። ከኤፕሲሎን የሚቀሩት አንድ ልጅ ያቀፉ እጆች ናቸው። ቅርጹ ይደገማል፤ የሚተላለፈው ነገር አይደገምም።

ከበድ የሚለው ሌላ ትችት ነው። ጦርነቱን የጀመረችው ትራኪያ ናት፤ ታሪኩ ግን የሚፈታው በሁለት ሮቦቶች ይቅርታ ነው። ገዳይና ተበዳይ አብረው ሲያለቅሱ ያዘዘው ሰው የት ሄደ? ከትራኪያው ፕሬዚዳንት ጀርባ የነበረው ድብ መሳይ ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ በብራው 1589 ጦር ይወጋል። ለአንዳንዱ አንባቢ ይህ ፍትሕ ነው። ለእኔ ግን የችኮላ መዝጊያ ነው። ስምንተኛው ቅጽ የፖለቲካ ጥያቄውን በስሜት መልሶ ያልፋል፤ እዚህ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው።

የቴዙካ ወዳጆች የሚሉትም አለ። የድሮው ታሪክ እንባ አይለምንም፤ ሮቦቶቹ ድንገት ይፈርሳሉ፣ ገጹ ይቀጥላል። ጭካኔው በዚያ ድንገተኝነት ውስጥ ነው ይላሉ። ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው። አንደኛው ሞትን ያሳያል፣ ሌላኛው ለቅሶ ቤቱን።

ከገጽ ወደ ስክሪን

አኒሜው ስምንት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ማንጋውንም ቅጽ በቅጽ ይከተላል። ታማኝ ነው። ሁለት ነገር ግን መቀየሩ ግድ ነበር።

አንደኛው ዝምታው ነው። የኖርዝ ዜማ ገጹ ላይ አይሰማም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የሚያውቀውን አንድ ዜማ ያስገባበታል። አኒሜው ይህንን መተው አይችልም፤ ዩጎ ካኖ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ አንድ ዜማ መሥራት ነበረበት። ያማረ ነው። ግን አሁን ዜማው የዳንከን ነው፤ የአንባቢው አይደለም።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የሮቢን ሚስት ፊት አንባቢው የፈለገውን ያህል ያየዋል፤ ስክሪን ላይ ካሜራው ይወስንለታል። በመጽሔት የተከታተሉት ደግሞ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ይጠብቁ ነበር። የ500 ዜውስ ነገር ዓመታት ፈጅቶ ነው የተፈታው። አሁን አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይጨርሰዋል። «ዘዴው ያው ነው» የሚለው ቅሬታ ከአኒሜው በኋላ የበረታውም ከዚህ ይመስላል፤ በወራት የተራራቁ መርዶዎች በአንድ ቀን ሲደራረቡ ቅርጻቸው ይታያል። ሁለቱንም ገና ያልጀመረ ሰው ከማንጋው የመጀመሪያ ሁለት ቅጾች ቢነሳ ይሻለዋል፤ አኒሜውን ያየም ቢሆን ቢያንስ የሮቢን ሚስትና የኖርዝን ምዕራፎች ገጽ ላይ ያንብባቸው።